ስለ ጠፉት «ኤረሮች» ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ቴሌግራማችን በቁጣ ተሞልቶ ሰነበተ። «ከእናንተ የገዛነው ላፕቶፕ ሲነሳ ይመጡ የነበሩትን ኤረሮች (የስህተት መልእክቶች) ደበቃችሁብን» ነው ነገሩ። አንዱማ «ብልሽት ለመሸፈን ነው» ብሎ ጻፈ። እሷ ቃል ከነከነችኝ።

አዎ፣ በመጨረሻው አፕዴት ደብቀናቸዋል። ሳንነግራችሁ ማድረጋችን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ።

ምክንያቱን ግን ስሙኝ። ላፕቶፖቹ የሚሠሩበት ሲስተም ሊኑክስ ይባላል፤ ዋና ክፍሉ፣ ከርነሉ፣ ለመልእክቶቹ ከ0 እስከ 7 ደረጃ ይሰጣል። 0 «አለቀልን» ነው፤ 7 የባለሙያ ማስታወሻ። «ኳየት» የሚባለው ትእዛዝ ከ4 ጀምሮ ያለውን ከስክሪን ያነሳል። ደረጃ 3፣ ማለትም ኤረር፣ ይቀራል። እዚያ ላይ ነው «ኤሲፒአይ ባዮስ ኤረር» የሚለው ብቅ የሚለው። ባዮሱን (ላፕቶፑን መጀመሪያ የሚያስነሳውን ፕሮግራም) የጻፈው ፋብሪካ የሌለ ነገር ስም ጠርቶ ከርነሉ ሲያጣው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፑ ምንም አይሆንም። ስለዚህ ደረጃ 3ንም ከስክሪን አነሳነው።

የከርነሉ ሰዎች ራሳቸው በዚህ ተቸግረዋል። አንድ ድራይቨር (አንዱን የላፕቶፕ ክፍል የሚያሠራ ፕሮግራም) የሚፈልገው ሌላ ክፍል ገና ካልተነሳ «ቆይቼ እሞክራለሁ» ይላል። ይህ እንደ ብልሽት ስክሪን ላይ ሲጮህ ኖሮ፣ በፈረንጆቹ 2020 በወጣው የከርነሉ 5.9 ቅጂ ላይ ዝም የሚያሰኝ መንገድ አበጁለት። እነሱን ማን «ሸፋኝ» አላቸው?

አንዲት እናት ለልጃቸው የገዙትን ላፕቶፕ በዝናብ፣ በፌስታል ጠቅልለው ሦስት ጊዜ አመጡልን። ምንም አልነበረውም። ያቺ ነጭ መስመር ብቻ። የታክሲያቸውን ሳስብ አፈርኩ።

ለእኛም ቀላል አይደለም። ሐምሌ 2016 የዶላር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያገለገለ ላፕቶፕ የምናስገባበት ዋጋ ሌላ ሆኗል። ኪራዩም አልቆመም። እንዲያም ሆኖ የሸጥነውን ለማየት ሳንቲም ጠይቀን አናውቅም። በአንድ ጠረጴዛና በአንድ ካቻቢቴ ስጀምር የነበራችሁ ታውቁኛላችሁ።

ዲስኩ እየሞተ ሳለ መልእክቱ ተደብቆበት የወቀሰን ወንድማችን ግን ልክ ነው። የዲስክ ስህተትም በደረጃ 3 ስለሚመጣ አብሮ ተደበቀ። ይህን አላሰብንበትም ነበር። አሁን የዲስኩን ጤና የሚከታተል ፕሮግራም ጨምረናል፤ ችግር ካየ ዴስክቶፑ ላይ ይነግራችኋል።

የቀረው እንደተደበቀ ይቆያል። የተሰረዘ ነገር የለም፤ ሁሉም ሎጉ (የመልእክቶቹ መዝገብ) ውስጥ አለ። «የድሮው ይሻለኛል» የሚል ይምጣ፣ በአምስት ደቂቃ በነፃ እንመልስለታለን።

ብቻ «ሸፈኑ» ከማለታችሁ በፊት አንዴ ደውሉልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

የሱቁ ባለቤት