ጉዳዩ፦ ቃል የተገባልኝ የራሌ ብስክሌት መለዋወጫ ስላልተላከልኝ የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። ያለፈውን ምልልስ መዝገባችሁ ስለሚያውቀው ከመጀመሪያው አልጀምርም። የምጽፈው ትናንት በስልክ ስለተነገረኝ ነው።

ፍሬሙ ውስጥ እንደ ብሎን ተጠምዝዘው የሚገቡትን የፔዳሉን ኩሽኔታ መቀመጫዎች ስገዛ የድሮ ራሌ የብሎን ጥርስ በአንድ ኢንች 26 እንደሆነ፣ የተለመደው 24 እንደማይገባለት ነግሬዎት ነበር። እርስዎም «አውቀዋለሁ፣ 26ቱን ነው የምልክልዎ» አሉኝ። የደረሰኝ 24 ነው። በእጄ ሳስገባው ጥቂት ዞረና ቀጥ አለ። በቁልፍ ማስገደድ የፍሬሙን ጥርስ መጨረስ ስለሆነ ተውሁት።

ይህን ለሠራተኛዎ ሳስረዳው «በየት በኩል ነው ያዞርኸው?» አለኝ። የቀኙን መቀመጫ ወደ ግራ፣ አልሁት። ሣቀ። ከዚያ አጠገቡ ላሉት ጮክ ብሎ ደገመላቸው፤ እነሱም ሲሥቁ ሰማሁ። «በቃ ራስህ አበላሽተኸዋል፤ ብሎን ወደ ቀኝ ነው የሚጠብቅ፣ አንቀይርም» ብሎ ዘጋብኝ። በእንዲህ ያለ የእንግሊዝ ብስክሌት በቀኝ፣ በካቴናው በኩል ያለው መቀመጫ ጥርሱ ግልብጥ ነው፤ ወደ ግራ ይጠብቃል፣ ወደ ቀኝ ይፈታል። ሲነዳ በራሱ እንዳይላላ ተብሎ የተሠራ ነው። መለዋወጫ ሸጦ የሚያድር ሰው ይህን ባያውቅ እንኳ ይጠይቃል እንጂ በደንበኛ አይሥቅም። እኔ ለልጁ አባት የምሆን ሰው ነኝ። አንተ መባሌን ልለፈው ብል፣ አበላሽተኸዋል መባሌን አላልፈውም።

ለነገሩ የፔዳሉን ክንድ ከዘንጉ ጋር የሚያጠብቁት ፒኖችም ልክ አልነበሩም፤ 9.5 ሚሊሜትር ብዬ 9 ተላከልኝ። የኩሽኔታው የሩብ ኢንች ኳሶችም በየጎኑ 11፣ በድምሩ 22 መሆን ሲገባቸው ጎድለው ነው የመጡት። ደረሰኙ ማኅተም የለውም። ያን ጊዜ ዝም ያልሁት ዋናው ዕቃ ይስተካከላል ብዬ ነው። ብስክሌቴ እስካሁን ተፈትቶ ተቀምጧል፤ ከመራዊ ቆጋ መስኖ ድረስ ወደ ማሳዬ የምሄደው በእግሬ ነው።

ስለዚህ ባለ 26 ጥርሱ መቀመጫ ከነትክክለኛ ፒኖቹ በአስቸኳይ እንዲላክልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የመላኪያውን ሒሳብ እናንተ ትከፍላላችሁ። ዕቃው ከሌላችሁም የለም በሉኝና ገንዘቤን በሙሉ መልሱ። ሠራተኛው ደግሞ ራሱ ደውሎ ይቅርታ ይጠይቀኝ፤ በሰው ፊት እንደሣቀብኝ፣ በሰው ፊት። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መልስ ካላገኘሁ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት አቤቱታዬን አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከመራዊ

ግልባጭ፦
ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት