የወገብ ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባሕር ዳር ውስጥ ወገቡን ያመመው ወጣት «ብርድ ነው፣ ሸክም ነው፣ እረፍ» ይባላል። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ከሆነማ የሚጠይቀውም የለም። ግን ሲያርፍ የሚብስበት ሰውስ?

ከ45 ዓመት በፊት ቀስ ብሎ የጀመረ፣ ከ3 ወር ያለፈ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ጠዋት ወገብ የሚያደርቅ፣ ሲንቀሳቀሱ ግን የሚለቅ ሕመም አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይትስ (አከርካሪንና የዳሌን መጋጠሚያ የሚያስቆጣ፣ እየቆየም አከርካሪን ሊያጣብቅ የሚችል በሽታ) ሊሆን ይችላል። ራጅ ለዓመታት ላያሳየው ይችላል፤ ኤምአርአይ ግን ቀድሞ ሊያሳየው ይችላል። በዕድሜ የገፉ፣ በተለይ ስኳር ያለባቸው ሰዎች አከርካሪ ላይ የሚበቅለው አጥንትም ይመስለዋል። ይህ የሚበቅለው አጥንት ግን አብዛኛውን ጊዜ አከርካሪ ከዳሌ የሚገናኝበትን መጋጠሚያ አይነካም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቲቢ ነው። ሳል ሳይኖር አከርካሪን ሊይዝ ይችላል። ከጥሬ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም የዳሌን መጋጠሚያ ያስቆጣል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ ሁለቱም በደንብ ይጣሩ። ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም፦ ለአንኪሎሲንግ የሚሰጡ አንዳንድ መርፌዎች የተደበቀ ቲቢ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ።

ወረፋው እንደሚበዛ አውቃለሁ። ቢሆንም ሐኪሞቻችን ማስታገሻ ከመጻፋቸው በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቁልን። እናንተም አንድ የአጥንትና መገጣጠሚያ ሐኪም ጋብዛችሁ በሰፊው አስነብቡን።

አክባሪያችሁ፣
ከባሕር ዳር