የስፌት ክበብ፦ ዓመቱን ሙሉ አንድ ኪልት

የሌሎቹን ክበባት ዘገባ አንብቤ ትንሽ አፈርኩ። የድራማው ክበብ ሁለት ትያትር አሳይቷል፣ የእግር ኳሱ ዋንጫ ይዞ ገብቷል። እኛ ከመስከረም እስከ ሰኔ የሰፋነው አንድ ልብስ ነው። ዘጠኝ ልጆች፣ አንዲት አስተማሪ፣ በየቅዳሜው ከአማርኛ ትምህርት በኋላ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ኪልት፣ ማለት የስኮትላንድ ወንዶች የሚታጠቁት ባለ ሽንሽን ጉርድ። "እስካሁን አላለቀም እንዴ?" እያላችሁ በር ላይ ስትጠይቁኝ ለከረማችሁ ወላጆች መልሱ ይኸው።

ሐሳቡ የልጆቹ ነው። ግላስጎው ያደጉ ልጆች ናቸው፤ ኪልት በሰርግም በኳስ ቀንም ሲያዩ ኖረዋል። ከውጭ ሲያዩት ደግሞ ቀላል ነው፣ እንደ ሽርጥ ጠቅልሎ መታጠቅ። እኔ ግን እዚሁ ከተማ አንዲት ኪልት ሰፊ ዘንድ ሁለት ዓመት መርፌ ይዣለሁና የሚጠብቀንን አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ብነግራቸው አይጀምሩትም።

ጨርቁ ወርደ ሰፊ ሱፍ ነው፣ 4 ያርድ፣ ማለት 3 ሜትር ከ66። በርዝመቱ መሐል ለመሐል ከፍለን ሁለቱን ግማሾች ጫፍ ለጫፍ ስንቀጥላቸው 7 ሜትር ከ30 ገደማ ሆነ። መጋጠሚያው አንድ ሽንሽን ውስጥ ይደበቃል። ሲቀጠል ግን አንዱን ግማሽ ማዞር አለባችሁ፣ ምክንያቱም ኪልት ከታች ቅምቅማት የለውም፤ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ከሽመናው የወጣው የጨርቁ ዳር ራሱ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ጉድ ያመጣል።

ግማሾቹ ልጆች ብላክ ዎች የሚባለውን ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ የመስመር ንድፍ ፈለጉ። እምቢ አልኩ። በአዳራሹ መብራት ጥቁር መስመር ከጥቁር አረንጓዴ ለይቶ መስፋት ዓይን ማጥፋት ነው። ቀዩን ሮያል ስቱዋርት ገዛን።

ከዚያ ሽንሽኑ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የወታደሮቹ ነው፣ እያንዳንዱ ሽንሽን መሐል ላይ ያው አንድ መስመር ይቆማል። ሁለተኛው ከኋላ ሲታይ ጨርቁ ጭራሽ ያልታጠፈ እስኪመስል ድረስ ንድፉን መልሶ መግጠም ነው። ሁለተኛውን መረጥን (ጉራ ነው፣ አውቃለሁ)። እያንዳንዱ ሽንሽን የንድፉን አንድ ሙሉ ዙር ወደ ውስጥ ይውጥና የሚታየው ቀጭን ቁራጭ ጎረቤቱ ካቆመበት ይቀጥላል። አንዲት እናት ሻይ ይዘው ሲገቡ አይተው "ይሄማ ጥለት ማጋጠም ነው" አሉ። እኔ ሦስት ሳምንት ያስረዳሁትን በአንድ ቃል ጨረሱት።

የኪልት ጭንቅ ሂሳቡ ነው። ልክ የወሰድንለት ልጅ ዳሌ 96 ሳንቲም፣ ወገቡ 76። ከፊት የሚደራረቡት ሁለቱ ሽርጦች ሽንሽን የላቸውም፤ ከኋላ ያሉት 26ቱ ሽንሽኖች ዳሌ ላይ 1.8 ሳንቲም ሆነው ጀምረው ወገብ ላይ 1.4 ሆነው ማለቅ አለባቸው። ማጥበቡ የሚመጣው በላስቲክ ሳይሆን እያንዳንዷን ሽንሽን በእጅ፣ ክሩ ከላይ እንዳይታይ፣ ወደ ላይ እያሾሉ በመስፋት ነው።

እዚህ ላይ ጉድ ፈላ። ኅዳር መጨረሻ 14ኛው ሽንሽን ላይ ደርሰን ስንለካ 2 ሳንቲም ግድም ሰፍቷል። ማን አጠፋ? ማንም! እንደ አገራችን ልብስ ሰፊዎች በሳሙና ቁራጭ ነበር የምናሰምረው፤ መስመሩ ራሱ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ይወፍራል። አንዱ ከመስመሩ ውስጥ ሰፋ፣ ሌላዋ ከመስመሩ ውጭ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ተረተርን።

በነዚያ ሦስት ቅዳሜዎች ልጆቹ እንዳይበተኑብኝ ታሪክ አወራሁ። ድሮ ሽንሽን የሚባለው ጨርሶ አይሰፋም ነበር፤ ረጅም ጨርቅ አጥፈው በቀበቶ ይታጠቁት ነበር። በ1746 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ስኮትላንድ ውስጥ ከወታደር በቀር ወንድ ሁሉ ኪልትን ጨምሮ የተራራማውን አገር ልብስ እንዳይለብስ ተከለከለ፣ ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። ሽንሽኑ እየተሰፋ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው ስላቸው አንዷ መተርተሪያዋን እንደያዘች "ያኔ ተወልደን ቢሆን በቀበቶ እንገላገል ነበር" አለችኝ።

ከገና በኋላ ሳሙናውን እንደ ቢላ አሾልን፣ ከካርቶን መለኪያ ቆረጥን፣ "መርፌው ራሱ መስመሩ ላይ ይግባ" ብለን ተስማማን። በሳንቲም ሜትር አራት ስፌት። አንዱ ተማሪ አስልቶ 26ቱን ለመስፋት ወደ 2,000 ስፌት ያስፈልጋል ብሎ ሰሌዳ ላይ ጻፈው። ባይጽፈው ይሻል ነበር።

እኔ በበኩሌ የኪልት ጥራት የሚታወቀው ሲገለበጥ ነው ባይ ነኝ። ከውስጥ በኩል ዳሌው ላይ ሽንሽኖቹን ሁሉ እርስ በርስ የሚያያይዝ የስፌት መስመር አለ፤ የጨርቁን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ሽንሽኑ ከላይ ባለው ስፌት ላይ ይንጠለጠልና ይበረገዳል። መስመሩ ካለቀ በኋላ ከሱ በላይ ውስጥ የተደራረበው ትርፍ ሱፍ በመቀስ ይወጣል። ስድስት ወር የተሰፋ ነገር ላይ መቀስ ማስገባት! ልጆቹ ፊታቸውን ሸፈኑ፣ እጄም ተንቀጥቅጧል። ከዚያ ጠንካራ ሸራ ገባ፣ በላዩ የጥጥ ገበር።

የቀረው ፈጥኖ አለቀ። ቆዳ ማሰሪያና ዘለበት፣ ሁለት በቀኝ፣ አንድ በግራ። የላይኛው ሽርጥ ቀኝ ጠርዝ ላይ ዘርፍ። ሽንሽኖቹን እስከ ታች በጊዜያዊ ክር አስረን በእርጥብ ጨርቅና በጋለ ካውያ ተኮስናቸው። ጌጥ መርፌዋን በሁለቱም ሽርጥ ለማሳለፍ የሞከረም ነበር፤ የላይኛው ላይ ብቻ ነው የምትሰካው፣ አለበለዚያ ሲራመዱ ጨርቁ ይጎተታል።

ሰኔ ላይ ልጁ ለበሰው። ወገቡ ልክ፣ ዳሌው ልክ፣ ኋላው አንድም መስመር አልተዛነፈም። ጉልበቱ ግን ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። የኪልት ቁመት የጉልበት መሐል ላይ ያልቃል፣ እሱ ደግሞ በዘጠኝ ወር ውስጥ ተመዘዘ። የሚረዘም ቅምቅማት የለም ብያችሁ ነበር። በመዝጊያው ቀን የለበሰው ከሱ የሚያጥር ጓደኛው ነው፣ ማሰሪያው መጨረሻ ቀዳዳ ላይ ገብቶ። ባለ ልኩ ልጅ ከጎኑ ቆሞ "ከዚህ እስከዚህ ያሉትን ዘጠኝ ሽንሽኖች የሰፋሁት እኔ ነኝ" እያለ ለእንግዳው ሁሉ በጣቱ ሲያሳይ ዋለ።

በሚቀጥለው መስከረም ሁለተኛውን እንጀምራለን። ልክ የምንወስደው ግን ከአዋቂ ነው። ቁመቱ ማደግ ያቆመ፣ ቢቻል ወገቡም ያቆመ አባት ካለ ቅዳሜ መጥቶ ይመዝገብ።