ጭስ የማያሳየው የቱቦ ስህተት

ለአዘጋጁ፣

የመኪና አምዳችሁን ሳላነብ ጋዜጣውን አላጥፍም። በቅርቡ ጉልበታቸውን ስለሚያጡ የቆዩ ባለ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ስፖርት መኪኖች የወጣው ጽሑፍ ግን ዝም የሚያሰኝ ሆኖ አላገኘሁትም። ጸሐፊው መፍትሔውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል። አሮጌዎቹን የቫኪዩም ቱቦዎች፣ ማለትም የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚያስተላልፉትን ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ነቅላችሁ ጣሉ፣ በአዲስ ሲሊኮን ቀይሩ ይላሉ። ካልሆነ ደግሞ ተርቦዎቹን በየተራ የሚያስነሳውን ሲስተም እንዳለ አውጡት። መቀየሩ ልክ ነው። የሞተር ሙቀት ጎማን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። እኔን ያሳሰበኝ “ነቅላችሁ ጣሉ” የሚለው ነው። ቱቦው ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ አንዲት ቃል የለም።

ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ 1993 ስሪት ማዝዳ አርኤክስ-7 አለችኝ፤ ሦስተኛው ትውልድ፣ ወዳጆቿ ኤፍዲ የሚሏት። ሞተሯ ፒስተን የሌለው ሮታሪ ነው፤ በፒስተን ፈንታ ሮተር የሚባል ክፍል ይሽከረከርበታል። ተርቦዋ ሁለት ነው፣ ግን ሁለቱ እኩል አይነሱም። ሞተሩ በደቂቃ እስከ 4,500 ዙር ገደማ እስኪደርስ የመጀመሪያው ብቻውን ይሠራል። ከዚያ ሁለተኛው ይገባና አብረው ይገፋሉ። ጤነኛ ከሆነች የተርቦ ጌጇ መጀመሪያ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ያሳያል፣ በቅብብሉ ላይ ወደ 8 ይወርዳል፣ ወዲያው ወደ 10 ይመለሳል። ይህን ቅብብል የሚያስፈጽሙት ሶሌኖይዶች (የአየሩን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚቀይሩ ቫልቮች)፣ ሁለት ትንንሽ የአየር ማጠራቀሚያዎችና ከእስክሪብቶ የቀጠኑ ብዙ ቱቦዎች ናቸው። አንዱ ማጠራቀሚያ ቫኪዩም ይይዛል፣ ሌላው ግፊት። አብዛኛው ነገር ደግሞ አየር ወደ ሞተሩ ከሚያከፋፍለው ከላይኛው ማኒፎልድ ሥር ተደብቋል። ማኒፎልዱን ሳያወርዱ እጅ አይደርስበትም።

መኪናዋን ስገዛ ቱቦዎቿ አንድ ጋራዥ ውስጥ በሙሉ ተቀይረው ነበር። ሁሉም ሰማያዊ ሲሊኮን፣ ሲያዩት ደስ ይላል። እስከ 4,500 ድረስ እንደ ልቧ ትሄዳለች። ከዚያ ጌጁ ቁልቁል ይወርዳል፣ ጉልበት የሚባል ነገር የለም። የጭስ ፍተሻ ተደረገላት። በአየር መግቢያው ጭስ ተነፋ፣ በየትም በኩል አልወጣም። “ቱቦው ንጹህ ነው፣ ሁለተኛው ተርቦ ሞቷል” ተባልኩ።

ተርቦው አልሞተም ነበር። የግፊት ማጠራቀሚያው መግቢያ ላይ ያለው ቼክ ቫልቭ ዞሮ ነው የተገጠመው። ቼክ ቫልቭ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። ሲዞር ማጠራቀሚያው በጭራሽ አይሞላም። ማጠራቀሚያው ባዶ ከሆነ ደግሞ የሞተሩ ጭስ ወደ ሁለተኛው ተርቦ የሚገባበትን በር የሚከፍተው ክንድ የሚገፋው ኃይል አያገኝም። የጭስ ፍተሻ ይህን ሊያሳይ አይችልም። ጭስ የሚያሳየው ቀዳዳን ነው፤ እዚህ ቀዳዳ የለም። ሁሉም ቱቦ ጤነኛ፣ ሁሉም ጫፍ የጠበቀ፣ አየሩ ግን መሄድ ያለበት ቦታ አይሄድም።

ጡረታ እስክወጣ የሆስፒታል መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ። እዚያ የኦክስጅን ቱቦ ጫፍ የሌላ ጋዝ መስመር ላይ እንዳይገባ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ብትሞክርም እምቢ ይልሃል። ቱቦ የሚሰካበት የመኪና ቫኪዩም ኒፕል ግን ይህ ጥበቃ የለውም። ውፍረቱ ከተመሳሰለ ማንኛውም ቱቦ ማንኛውም ላይ ይገባል። ሲገባም እሰይ ተስተካከለ ያሰኛል።

እንዲህ ያለ መኪና ሲያጋጥም እኔ የምጀምረው ከጌጁ ነው። መፍቻ ከማንሳቴ በፊት ጉልበቱ የጠፋው ከ4,500 በፊት ነው ወይስ በኋላ ብዬ እጠይቃለሁ። በኋላ ከሆነ የግፊቱን ወገን እከተላለሁ፤ የግፊት ማጠራቀሚያውን፣ ቼክ ቫልቩን፣ የሁለተኛውን ተርቦ በር። ከታች ደካማ ሆኖ ከላይ ደህና ከሆነ ግን ጥርጣሬዬ ቫኪዩሙ ላይ ነው። በሁለቱ ተርቦዎች መካከል ያለውን የአየር በር በዝቅተኛ ዙር ዘግቶ የሚይዘው ቫኪዩም ነውና። ቫኪዩሙ ካልደረሰ በሩ ክፍት ይቀራል፣ የመጀመሪያው ተርቦ የጨመቀው አየር በሁለተኛው በኩል ያመልጣል። አንድ ጌጅ በደንብ ማንበብ ግማሹን ቱቦ ከመፍታት ያድናል።

ቀጥሎ በእጅ የሚሳብ፣ ጌጅ ያለው የቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልጋል። በቫኪዩም የሚሠራው ክንድ ላይ ሰክቶ መሳብ ነው። ዘንጉ መንቀሳቀስ አለበት፣ የጌጁም ቀስት ባለበት መቆም አለበት። ቀስቱ ቀስ እያለ ከወረደ ውስጡ ያለው ዳይፍራም፣ ማለትም ስስ ሽፋኑ፣ ተቀዷል። ቼክ ቫልቭ በአፍም ይፈተሻል፤ በአንድ በኩል ማለፍ፣ በሌላው መዝጋት አለበት። ሶሌኖይድ 12 ቮልት ሲያገኝ “ቀጭ” ማለቱ አይበቃም። ሞተሩ ጠፍቶ በአንዱ ጫፍ እየነፉ አየሩ መንገድ መቀየሩን ማየት ያስፈልጋል። ሁልጊዜም ከክንዱ ጀምሬ ወደ ምንጩ ነው የምሄደው። ከምንጩ ከጀመሩ መንታ መንገዱ ብዙ ነው፣ ይጠፋሉ።

ሥዕሉስ? ብዙ የቆዩ መኪኖች ኮፈናቸው ሥር የተለጠፈ የቫኪዩም ሥዕል አላቸው። ኮፈኑ ቀለም ተቀብቶ ወይም ተቀይሮ ከሆነ ግን ሥዕሉ የለም፣ ወይም የሌላ መኪና ነው። ያኔ የጥገና መጽሐፉን ማግኘት ግድ ነው፤ ያውም የዚያኑ ዓመትና የዚያኑ ገበያ። ለጃፓን የተሠራውና ለአሜሪካ የተሠራው በጭስ መቆጣጠሪያው በኩል ይለያያሉ። ሥዕሉ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ይናገራል እንጂ ቱቦው ሞተሩ ላይ በየት በኩል እንደሚያልፍ አይናገርም። ስለዚህ አንድም ቱቦ ሳይነቀል ፎቶ ይነሣ፣ የእያንዳንዱ ቱቦ ሁለት ጫፍ ምልክት ይደረግበት። አንድ ጫፍ ብቻ ምልክት ማድረግ የትም አያደርስም።

አሁን “ጣሉ” ወደሚለው ልመለስ። በኤፍዲ ላይ የተርቦውን ግፊት ወደሚገድበው በር፣ ወደ ዌስትጌቱ፣ እና ሁለተኛውን ተርቦ አስቀድሞ ወደሚያዞረው ፕሪኮንትሮል በሚሄዱት ቱቦዎች ውስጥ ጠባብ ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ ማጥበቢያዎች አሉ። ከውጭ አይታዩም። አሮጌው ቱቦ ሲጣል አብረው ይጣላሉ፣ አዲሱ ሲሊኮን ባዶውን ይገባል። ያኔ ሶሌኖይዱ የዌስትጌቱን ግፊት ማስተንፈስ ያቅተዋል፣ ዌስትጌቱ ቀድሞ ይከፈታል፣ የተርቦው ግፊት ይወርዳል። ባለቤቱ ግፊቱን ለመመለስ በግምት ሌላ ማጥበቢያ ያስገባል። ከልክ በላይ ከጠበበ ግፊቱ ከተፈቀደው ያልፋል፣ ነዳጁ አይመጥነውም፣ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ነዳጁ በትክክለኛው መንገድ ሳይሆን እየፈነዳ ይነዳል ማለት ነው። ሮታሪ ሞተር ደግሞ ማንኳኳትን አይችልም። በሮተሩ ጫፍ ያለችው ማሸጊያ፣ አፔክስ ሲል የሚሏት፣ ትሰበራለች። ከዚያ በኋላ የሚወራው ስለ ቱቦ ሳይሆን ሞተር ስለማውረድ ነው። ስለዚህ አሮጌ ቱቦ ከመጣሉ በፊት በጣት ይዳበስ። ጠንከር ያለ ነገር ከተሰማ በምላጭ ይሰንጠቅና ይታይ። ለኤፍዲ ብቻ አይደለም፤ በብዙ መኪኖች ፍሬን መርገጥን በሚያቀለው የፍሬን ሰርቮ ቱቦ ውስጥም ቼክ ቫልቭ ተደብቆ ይገኛል።

ሲሊኮንን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ሙቀት ይችላል፣ ቤንዚንና ዘይት ግን አይወድም። የነዳጅ ታንከር ተን ወደሚይዘው ዕቃ፣ ወደ ካርቦን ካኒስተር፣ የሚሄደው መስመር የነዳጅ ተን ስለሚያልፍበት ለነዳጅ የተሠራ ጎማ ነው የሚሻለው። ግድግዳው የሳሳ ሲሊኮን ደግሞ መታጠፊያ ላይ ይጨፈለቃል። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፣ ውስጡ ግን ተዘግቷል።

ካርቡሬተር ያላቸው የድሮ ስፖርት መኪኖችም ከዚህ አያመልጡም። እነሱ ላይ የማየው የተለመደው ስህተት የእሳት ብልጭታውን የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢውተሩ ቱቦ ነው፤ ቫኪዩም ሲደርሰው ብልጭታውን ቀደም ያደርገዋል። ነዳጅ ሲረገጥ ከሚከፈተው የካርቡሬተሩ ክዳን በላይ ያለው ቀዳዳ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር፣ ቫኪዩም የለውም ማለት ይቻላል፤ ነዳጅ ሲሰጥ ነው የሚመጣው። ማኒፎልዱ ላይ ያለው ግን በሚኒሞ ሙሉ ቫኪዩም አለው፤ በጤነኛ ፒስተን ሞተር በቫኪዩም ጌጅ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ገደማ እየቀነሰ። ፋብሪካው የፈለገው የመጀመሪያውን ሆኖ ቱቦው ሁለተኛው ላይ ከተሰካ ሚኒሞው ይጨምራል። መካኒኩ ብሎኑን እያላላ ያወርደዋል። መኪናዋ ቆማ ደህና ትመስላለች፣ ስትነዳ ግን ትንተባተባለች። ከዚያ ካርቡሬተሩ ተፈቶ ይታጠባል፣ ምስኪን።

ጸሐፊው አየር የሚያስገባ ቦታ ለማግኘት በሞቀ ሞተር ላይ የካርቡሬተር ማጽጃ መርጨትንም መክረዋል። ይቅር። ማጽጃው ይቀጣጠላል፣ ተርቦው አጠገብ ያለው ብረት ደግሞ እሳት ነው። ለቀዳዳ ፍለጋ ጭስ ይበቃል። ለግፊት መስመር የሳሙና ውሃም ይሠራል።

ሲስተሙን እንዳለ ስለማውጣት የተባለውን ግን ሙሉ በሙሉ አልቃወምም። ሁለቱን ተርቦ እኩል እንዲነሱ አድርገው በደስታ የሚነዱ ሰዎች አሉ። ቱቦው ይቀንሳል፣ የሚበላሽ ነገርም ይቀንሳል። የሚከፈለው ዋጋ ግን መነገር ነበረበት፤ በዝቅተኛ ዙር የነበረው ፈጣን ግፊት ይዘገያል። በውድድር ሜዳ ብዙም ላይሰማ ይችላል። መብራት ላይ እየቆመ ለሚነሳ ግን መኪናዋ ሌላ መኪና ትሆንበታለች። ያ ምርጫ ነው፣ ችግርን መፍታት አይደለም።

ስለ ማጥበቢያዎቹ የጻፍኩትን በሚቀጥለው እትም ብታወጡት ደስ ይለኛል። ምክሩን አንብቦ በዚህ ሳምንት ቱቦ ሊቀይር ያሰበ ሰው ይኖራል፣ የነቀላቸውንም ገና ላይጥላቸው ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝና የኤፍዲ ባለቤት