አልነሳም ያለች መኪናና እየሄደች የጠፋች መኪና

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። አባትህ ሰላም ብሎሃል፤ «ይሽጣትና ይገላገል በዪው» ብሎም ጨምሯል። መልእክቱን አደረስኩ እንጂ አልደገፍኩትም።

እሑድ ስትደውል ስለዚያች ባለ ሁለት ወንበር አሮጌ መኪናህ ግማሽ ሰዓት አወራኸኝ። ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለቷን፣ ሁለተኛ ባትሪ መግዛትህን፣ ማታ ፍሬቻ ስታበራ የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ መርገብገቡን ነገርከኝ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ደግሞ እንደ ቀልድ፣ «ባለፈው እየነዳሁ ድርግም ብላ ጠፋች፤ ቁልፉን ነካ ሳደርገው ተመልሳ ተነሳች» አልክና ሳቅክ። ስለ ባትሪው ግማሽ ሰዓት፣ ስለዚህኛው ግማሽ ደቂቃ። እኔን እንቅልፍ የነሳችኝ ግማሽ ደቂቃዋ ናት። መልሼ ልደውል አልኩና ተውኩት፤ ደብዳቤ ላይ አታቋርጠኝም።

የሰው መኪና ሽቦ ስፈታና ስቀጥል ነው የኖርኩት፣ ታውቃለህ። ሰዎች የኤሌክትሪክ ችግር ሲሉኝ ሁልጊዜ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ አልነሳም ነው ያለችህ ወይስ እየሄደች ጠፋችብህ? አልነሳም ያለች መኪና ደጅህ ላይ ቆማ ታናድድሃለች፤ ከሥራ ታስቀርሃለች፤ በቃ። እየሄደች የምትጠፋው ሌላ ነገር ናት። ሞተሩ ሲጠፋ መሪውን የሚያቀልልህ እገዛ አብሮ ይሄዳል። የፍሬኑ እገዛ የሚቆየው ለአንድ ወይም ለሁለት እርግጫ ያህል ነው። ጥፋቱ ከቁልፉ ማብሪያ ከመጣ ደግሞ ኤርባጉም እንደተኛ ሊቀር ይችላል። አንተ ግን ረጅሙን ወሬ ለባትሪው ሰጠኸው።

አይበለውና ዳግመኛ ቢደርስብህ፣ መሪውን በሁለት እጅህ አጥብቀህ ያዝ። ፍሬኑን አትደጋግመው፤ አንዴ ረግጠህ እዚያው ያዘው። ማርሹን ነጻ አድርግና ወደ ዳር ውጣ። ቁልፉን ግን መኪናዋ ሳትቆም እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አዙረህ አትንቀል፤ መሪው ይቆለፍብሃል።

አጋነንሽ ትለኝ ይሆናል። እንግዲያው ይህን ስማ (ዓመቶቹን የምጽፍልህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። በ2014 ጄኔራል ሞተርስ ወደ 2.6 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን በቁልፍ ማብሪያ ጉድለት ምክንያት መልሶ ጠራ። ከመካከላቸው እንደ አንተዋ ጣሪያቸው የሚታጠፍ ሁለት ትንንሽ ስፖርት መኪኖች ነበሩ፤ ፖንቲያክ ሶልስቲስና ሳተርን ስካይ። ጥፋቱ በጣም ትንሽ ነገር ነበር። ማብሪያው ውስጥ ቁልፉን «በርቷል» ላይ አጽንታ የምትይዘው ሞላ ደካማ ነበረች። የቁልፉ ቀለበት ሲከብድ፣ ጉልበት ሲነካው ወይም መንገዱ ሲያንገጫግጭ ቁልፉ በራሱ አንድ እርከን ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ሞተሩም ኤርባጉም አብረው ይጠፋሉ። ኩባንያው በኋላ ያቋቋመው የካሣ ፈንድ 124 ሰዎች በዚህ ሳቢያ መሞታቸውን ተቀብሏል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በፊት የነበረው ነው። መኪኖቹ እየሄዱ እንደሚጠፉ አቤቱታ ለዓመታት ሲመጣ፣ ኩባንያው ውስጥ ጉዳዩ የተመዘገበው በአደጋ ሳይሆን በደንበኛ ምቾት ጉዳይነት ነበር። ምቾት! በ2006 ደግሞ የማብሪያው አሠራር ሲሻሻል የዕቃው ቁጥር ሳይለወጥ ቀረ፤ ደካማውና ጠንካራው በአንድ ቁጥር ይጠሩ ስለነበር ጥፋቱን ለሚፈልጉት ነገሩ ለረጅም ጊዜ ተምታታባቸው። ለጥገና ተብሎ የተገዛው መለዋወጫ ከደካማዎቹ ሊሆን ስለሚችልም ጥሪው ኋላ የተሠሩትን መኪኖች ጭምር ጨመረ።

ያንተዋ ከእነዚህ አንዷ አይደለችም፤ አውቃለሁ። ቁልፉን ነካ ስታደርገው ተመለሰች ካልከኝ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ያው ቦታ ነው። በአሮጌ መኪና ማብሪያ ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች በየቀኑ ብልጭታ እየላሳቸው ያልቃሉ። ስለዚህ ዛሬውኑ ያንን እንደ መቁጠሪያ የተንዠረገገ የቁልፍ ቀለበትህን ፍታውና የመኪናውን ቁልፍ ብቻውን አስቀረው። ከዚያ መኪናዋ ቆማ፣ የእጅ ፍሬኗ ተይዞ፣ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን በሁለት ጣት ቀስ አድርገህ ወዲያና ወዲህ ነቅነቅ አድርገው። የዳሽቦርዱ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ሌባውን ያዝከው ማለት ነው። ማብሪያው እስኪቀየር አትነዳትም። ይህን እንደ ምክር አትውሰደው፤ ትእዛዝ ነው።

አሁን ስለ ሪኮል፣ አምራቹ ጉድለት ያለበትን መኪና ለጥገና መልሶ ስለሚጠራበት ጥሪ። «አሮጌ ናት፣ ምን ሪኮል አላት» ስትል ሰምቼሃለሁ። ሪኮል የሚከተለው መኪናዋን ነው እንጂ ባለቤቷን አይደለም። ደብዳቤው የሚሄደው ግን በመዝገብ ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው፤ ያንተዋ ደግሞ ካንተ በፊት አራት እጅ አልፋለች። አንዱ ቤት ቀይሮ ይሆናል፤ አንዱ ደብዳቤውን ማስታወቂያ መስሎት ጥሎት ይሆናል። በማንም አልፈርድም፤ እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። አንተ ገና ሳትወለድ የነበረችኝ መኪና እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጣላት። ሥራ በዝቶብኝ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት፤ መኪናዋን ስሸጥም ለገዢው ትዝ አላለኝም። ደብዳቤውን ያገኘሁት ዕቃ ስናዘዋውር ነው። የሰውየውን አድራሻ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። እስከ ዛሬ ያን ዓይነት መኪና ባየሁ ቁጥር ታርጋውን አያለሁ።

የሻንሲ ቁጥሯን ጻፈው። ከፊት መስታወቱ ሥር በሹፌሩ በኩል ወይም በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ ታገኘዋለህ። 17 ቁምፊ ነው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ሲባል ስለማይገቡበት፣ ኦ መስሎ ያየኸው ዜሮ ነው። ቁጥሩን ለአምራቹ ወይም ለመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሰጥተህ ያልተዘጋ ጥሪ እንዳለ ጠይቅ። መኪናዋ ከተሠራችበት አገር ውጭ ተሽጣ ከሆነ በሁለቱም በኩል ጠይቅ። ጥሪ ካለ ጥገናው በነጻ ነው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ ይህ ግዴታ የሚሠራው ጥሪው ሲወጣ መኪናዋ መጀመሪያ ከተሸጠች 15 ዓመት ካላለፋት ነው።  አንድ ነገር ለይ፤ አምራቾች ለጋራዦች የሚልኩት የጥገና መመሪያም አለ። እሱ «ይህ ችግር ይታወቃል፣ እንዲህ ይጠገናል» ይላል እንጂ ወጪውን አይሸፍንልህም። ቢሆንም አንብበው፤ ብዙ ልፋት ይቀንሳል።

አሮጌነት ጉድለትን እንደሚያባብስ ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ኤርባግ ያሳየሃል። ኤርባጉን የሚነፋው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ዓመታት ሲፈራረቁበት ባሕርዩ ይለወጥና፣ በሚፈነዳበት ጊዜ የብረት እቃውን ሰባብሮ ፊት ላይ ይበትነዋል። በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጉ የኤርባግ ማንፊያዎች የተጠሩበት፣ በዚያ አገር ታሪክ ትልቁ የመኪና ሪኮል ነው። ማዝዳ አርኤክስ-8 እና ፎርድ ሙስታንግን የመሰሉ መኪኖችም አሉበት። ያ ዕቃ ከዓመት ዓመት እየባሰ ነው የሚሄደው። እግረ መንገዴን፣ ቢጫ መሰኪያ ያላቸውን ሽቦዎች በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያው) እንዳትነካ። የኤርባጉ ናቸው።

ባትሪው ጋ እንምጣ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? አንተም ባትሪውን መታኸው። ባትሪው የተዘረፈ ነው እንጂ ሌባው እሱ አይደለም። ቴስተር ግዛ፤ ከሁለተኛው ባትሪ እጅግ ይረክሳል። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ለካው፦ 12.6 ቮልት ካለ ሙሉ ነው፣ 12.2 ካለ ግማሽ ገደማ ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው በለው። ከዚያ አስነሳና እንደገና ለካ። ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ካሳየህ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሥራውን እየሠራ ነው። እዚያው 12 ላይ ከቀረ ስንት ባትሪ ብትገዛ ትጨርሰዋለህ።

ዲናሞው ደህና ከሆነ ሌሊት የሚጠጣውን ፈልግ። ቴስተሩን አምፒር ላይ አድርገህ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሽቦ ፍታና በሽቦውና በባትሪው መካከል አስገባው። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ እንዳታስነሳ፤ የቴስተሩን ፊውዝ ታቃጥለዋለህ። በሩ ክፍት ከሆነ መቆለፊያውን በመፍቻ ጫን አድርገህ የተዘጋ እንዲመስላት አድርግና ታገስ፤ ኮምፒውተሮቿ ለመተኛት ግማሽ ሰዓትም ከዚያ በላይም ሊወስድባቸው ይችላል። ሲተኙ ከ50 ሚሊ አምፒር በታች ከወረደ ጤነኛ ነው፤ በቀን 1.2 አምፒር ሰዓት ብቻ ነው የሚበላው። ግማሽ አምፒር ካየህ ግን በቀን 12 አምፒር ሰዓት ነው፤ 60 የሚይዝ ባትሪ በአምስት ቀን ባዶ ይሆናል፣ ሞተር ማስነሳት ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ያቅተዋል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልክ ቁጥሩ የሚወርድበትን ፈልግ። እኔ ከመንቀል ይልቅ በእያንዳንዱ ፊውዝ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ነጥቦች በሚሊቮልት መለካት እመርጣለሁ፤ ነቅለህ ስትመልሰው የተኛው ይነቃብሃልና።

በስፖርት መኪና ይህ ሌባ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ አልመጣም። አንዱ ባለቤት ማንቂያ ደወል ይጨምራል፣ ሌላው ማጉያ፣ ሦስተኛው ደወሉን ቆርጦ ሽቦውን በናስትሮ ጠቅልሎ ይሸጉጠዋል። ከዳሽቦርዱ ሥር ገብተህ እንደ ፋብሪካው ያልተጠቀለለ ነገር ካየህ ከእሱ ጀምር። ጣሪያዋ ጨርቅ ስለሆነ ምንጣፉንም ግለጥና ዳብሰው። የውኃ መውረጃው በቅጠል ሲደፈን ውኃው ወደ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያው ፖርሸ ቦክስተር ባለቤቶች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ የመቆለፊያውና የማንቂያው ኮምፒውተር ከወንበሩ ሥር ስለሆነ ወለሉ ውኃ ሲይዝ አብሮ ይሰጥማል።

የፍሬቻው ነገርስ? አንዱ መብራት ሲበራ ሌላው አብሮ ከተርገበገበ እኔ የምጠረጥረው ማሳውን ነው። ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ሲዝግ በሌላው አምፖል በኩል ይሾልካል። ሸክም ሳይኖርበት በኦም (ሽቦው ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚከለክል) ለክተህ «ደህና ነው» እንዳትል፤ አንዲት ክር ብቻ የቀረችው ሽቦም በኦም ስትለካ ደህና ትመስላለች፣ ሸክም ሲመጣ ግን ትወድቃለች። ሸክም ላይ እያለ ለካ፦ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርገህ ሰው ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን) ያዙርልህ። ከ0.2 ቮልት ብዙም ማለፍ የለበትም። ግማሽ ቮልት ካየህ ብሎኑን ፈትተህ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈግፍገው። እንደ መጀመሪያው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ባትሪያቸው ኋላ ሻንጣው ጋ ባሉ መኪኖች ፖዘቲቩም ረጅም ጉዞ ስላለበት እሱንም እንዲሁ ለካው። ዋናው ማሳ ከላላ ደግሞ መኪና እየሄደች ልትጠፋም ትችላለች፤ ስለዚህ ቁልፉ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ይህን ሳታይ መንገድ አትውጣ።

ፊውዝ ሲቃጠልብህ ተለቅ ያለ እንዳትተካ። ወጣት ሳለሁ በ10 አምፒር ቦታ 30 አስገብቼ ነበር። ፊውዙ አልተቃጠለም፤ በእሱ ፋንታ ሽቦው ተቃጠለ። ጭሱ ከመሪው ሥር ሲወጣ ምን ያህል ቶሎ መውረድ እንደምችል ያን ቀን አወቅኩ።

ቅዳሜ ቴስተሩን ይዘህ ስትወርድ ካደረው ባትሪ ያነበብከውን፣ ሞተሩ ሲሠራ ያነበብከውንና ሌሊት የምትጠጣውን ሦስት ቁጥሮች ጻፍልኝ። ከእነሱ በፊት ግን የቁልፉን ውጤት ዛሬ ማታ ደውለህ ንገረኝ። ያንን የመጀመሪያውን ባትሪህን ደግሞ እንዳትጥለው፤ ሞልተህ አሳድረው። ጠዋት 12.6 ላይ ካገኘኸው የሁለተኛውን ደረሰኝ ፈልግና መልሰው።

እናትህ