ደጋ ላይ የሚያለከልክ ሞተር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ድሮ ለጋሼ ዘመዶች ደብዳቤ ስንጽፍ እንዲህ ነበር የምንጀምረው፤ አንተ ትናገራለህ፣ እኔ እጽፋለሁ። አሁን ለራሴ ስጽፈው ግን አፈርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ የናፈቀ ሰው ስልክ ያነሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የከበደኝን ልናገር። የጋሼን ማረፍ የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያውም በፌስቡክ። በዚያው ቀን መደወል ነበረብኝ። ‹‹አሁን ምን ብዬ እደውላለሁ?›› አልኩ። ከዚያ ተዝካሩ አለፈ። ሙት ዓመቱም አለፈ። አንድ ወር በተጨመረ ቁጥር ስልኩ እየከበደኝ ሄደ። ነፍሳቸውን ይማር፤ አንተንም ያጽናህ። አልቅሼላቸዋለሁ፤ ብቻዬን፣ የሥራ ቦታዬ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ላይ ተቀምጬ። ይቅር በለኝ።

አሁን ለምን እንደጻፍኩልህ ልንገርህ። እንዳትስቅ። መኪና ልገዛ ነው። የፎርዱን ሙስታንግ።

ሳቅክ አይደል? ሳቅ። ጋራዡ ግድግዳ ላይ ከካላንደር ቀደን የለጠፍነው ቀይ መኪና ትዝ ይልሃል? በዘይት እጅ ሲነካካ መጨረሻ ላይ ቡናማ የሆነው። ይኸው በ46 ዓመቴ ደረስኩበት። ባለቤቴ ‹‹ምነው በሃያ አምስትህ ባበድክና በተገላገልን›› ብላኛለች። ፈቅዳለች ግን።

ያገኘኋቸው ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የ2019 ሥሪት፣ ሁለቱም አውቶማቲክ። አንደኛው ባለ 2.3 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ አየር አፍኖ የሚያስገባለት ቱርቦ ያለው ነው። ኢኮቡስት ይሉታል፤ 310 የፈረስ ጉልበት አለው። ሁለተኛው ጂቲ የሚባለው፣ ባለ 5 ሊትር ቪ8 ነው። ቱርቦ የለውም፤ ጉልበቱ 460። እናንተ ጋ ቪ8 ሲባል ባለሥልጣን የሚቀመጥበት ላንድክሩዘር ነው የሚታሰበው። ይሄኛው የኋላ ወንበሩ ልጅ እንኳ በቅጡ አያስቀምጥም። የዋጋ ልዩነታቸው ወደ 10 ሺህ ዶላር ነው።

ሻጩ ገና ልጅ ነው። ‹‹ዴንቨር ላይ ቱርቦውን ውሰድ፤ ቪ8 እዚህ አየር አያገኝም›› አለኝ። ይህን ሲል ጋሼ ፊቴ ድቅን አሉ። የአሰብን መንገድ በፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና የተመላለሱበትን ዘመን ሲያወሩ፣ ሚሌ ሜዳው ላይ መኪናው እንዴት እንደሚጋልብ፣ ጣርማ በር ዳገት ሲደርስ ደግሞ እንዴት እንደሚያቃስት ይነግሩን አልነበር? ‹‹ሞተርም እንደ ሰው ነው፤ ደጋ ሲወጣ ያለከልካል›› ይሉ ነበር። እኛ ጭነቱ ከብዶት ነው ብለን እንከራከራቸዋለን። አየሩ ስስ ሆኖበት እንደሆነ የገባኝ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር 300 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ይጥላል። እዚህ ሲደርስ 16 በመቶው ሄዷል። 460ው ፈረስ 386 አካባቢ ይሆናል፤ ሰባ ምናምን ፈረስ ባሕር ዳርቻ ቀረ ማለት ነው። ቱርቦው ግን ስሱን አየር አፍኖ ስለሚያስገባ ብዙም አይጎዳም። ሻጩ ያልነገረኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ 386ም ቢሆን ከ310 ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ቱርቦውም በነጻ አይሠራም፤ አየሩ ሲሳሳ ጉድለቱን ለመሙላት አብዝቶ ይሽከረከራል፣ ይግላል። ስለዚህ ልጁ እንዳለው ቱርቦው አያሸንፍም። ልዩነቱ ነው የሚጠበው። 10 ሺህ ዶላር ደግሞ የሚከፈለው ለልዩነቱ ነው።

በወሬ አልገዛም ብዬ ሁለቱንም ተከራየኋቸው። አንድ ሳምንት ያንን፣ በሚቀጥለው ይሄንን፣ በዚያው መንገድ። ከአውሮራ ተነስተህ፣ ዴንቨርን አልፈህ ወደ ምዕራብ ስትሄድ መንገዱ ተራራ ይጀምራል። አይዳሆ ስፕሪንግስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባን ልታክል ምንም አልቀራት። ወርጄ ቡና ጠጣሁ። ብርዱም የእኛን የኅዳር ጠዋት ይመስላል። ከዚያ ሽቅብ ነው፣ እስከ አይዘንሃወር ዋሻ፤ እሱ 3,400 ሜትር ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ይበልጣል።

ኢኮቡስቱ ዳገቱን ዝም ብሎ ወጣው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ሲደርስ ዋናውን ጉተታ ስለሚሰጥህ ነዳጅ አጥብቀህ ባትረግጥም ይሄዳል። ማርሽም ብዙ አይቀያይርም። ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ አያስቸግርም። ችግሩ ድምፁ ነው። ደስ የሚል ጉርምርምታ ሰማሁና ጥሩ ማርሚታ አለው አልኩ። ለካ ድምፁ የሚመጣው ከሬዲዮው ስፒከር ነው! ሞተሩ ራሱ ስለማይጮኽ ፋብሪካው ድምፅ ጨምሮለታል። ሠርግ ላይ በካሴት እልል የሚያስባሉ ሰዎች ነው ትዝ ያሉኝ።

ጂቲው ሌላ ነገር ነው። ዋሻው ጋ ሲደርስ በሒሳቡ ከጉልበቱ ሲሶውን ጥሏል፤ ይታወቅበታልም። ጉልበቱን የሚያገኘው ሲጮህ ነው፤ 460 የተባለው 7,000 ዙር ላይ ነው። ስለዚህ ዳገቱ ላይ አሥሩን ማርሽ ይበረብራል፣ አንድ ይወርዳል፣ ሁለት ይወርዳል፣ ከዚያ ያገሳል። እውነት ለመናገር ከኢኮቡስቱ ብዙ ቀድሞ አልወጣም። ግን መስኮቱን ከፍቼ ዋሻው ውስጥ ስገባ ወንድሜ፣ ድምፁ ከግድግዳው ተመልሶ ሲመጣ የክንዴ ፀጉር ቆመ። ስፒከር የለ፣ ምን የለ።

አሁን ደግሞ ለመካኒኩ፣ ላንተ። ኢኮቡስቱ ቤንዚኑን የሚረጨው በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። የአየር መግቢያው ቫልቮላ ጀርባ በቤንዚን ስለማይታጠብ ከጊዜ በኋላ ካርቦን ይጋግራል። ጂቲው ከ2018 ጀምሮ ሁለት ዓይነት መርጫ ስላለውና አንደኛው ቫልቮላውን ስለሚያጥብ ከዚህ ችግር ይድናል። ቱርቦው ዘይት ላይ ቸልታ አይወድም። ቪ8ቱ ደግሞ በሊትር ወደ 8 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው፤ ያኛው ከ10 ያልፋል። እዚህ ኮሎራዶ ሬጉላር የሚባለው ቤንዚን ኦክቴኑ (ደረጃው) 85 ነው። ለሁለቱም አይሆንም፤ ትንሹ 87 ነው፤ ቱርቦው ከፍ ያለውን ስትሰጠው ይበልጥ ደስ ይለዋል። አንተ ብትሆን የትኛውን ኮፈን ከፍተህ መሥራት ትመርጣለህ? ይሄን በእውነት ነው የምጠይቅህ።

ኤሌክትሪክ ለምን አትገዛም እንደምትለኝ አውቃለሁ። እናንተ ጋ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን መኪና ማስገባት ቀርቷል አሉ። ለእሱ ደጋም ቆላም አንድ ነው፤ አይተነፍስማ። እኔ ግን ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት የሚተነፍሰውን ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። ያኔ አቅፈሃት ፎቶ የተነሳሃት ልጄ 16 ልትሞላት ነው። መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ነው። ኢንሹራንስ ላይ ስሟን ከጂቲው ጋር ሲያስገቡት የተባልኩትን ዋጋ ብነግርህ ዓረቦን ሳይሆን ጥሎሽ ይመስልሃል። ከኢኮቡስቱ ጋር ይሻላል፤ እንጂ እሱም ርካሽ አይደለም። እሷ ደግሞ ሁለቱንም ካየች በኋላ ‹‹የአያት መኪና›› ብላኛለች። የጎረምሳ መኪና መስሎኝ ነበር።

እና ማታ ማታ ሥራ የምሄደው ሜዳ ለሜዳ ነው። ግማሽ ሰዓት ወደ ኤርፖርት፣ ግማሽ ሰዓት መልስ። ተራራ የምወጣው በወር አንዴ ቢሆን ነው። በዚያ መንገድ ላይ ፍጥነቱ የተወሰነ ነው፤ 310ም በዛ፣ 460ም በዛ። የትኛው ያደርሰኛል ብዬ ልጠይቅ አልችልም። ሁለቱም ያደርሱኛል። ጂቲውን ብገዛ 10 ሺህ ዶላሩን የምከፍለው ለድምፁ ነው። ይሄን ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

እኔ ወደ ኢኮቡስቱ ነው ያዘነበልኩት። ትናንት ቀብድ ላስይዝ ሄጄ ነበር። ሻጩ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስነሳቸው፤ ጠዋት ነው፣ ሞተሮቹ ቀዝቅዘዋል። ጋሼ ረጅሙን ካቻቢቴ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ላይ ተክለው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ታየኝ። እኛን ‹‹ዝም በሉ፣ እየነገረኝ ነው›› ይሉን ነበር። ካቻቢቴ አልያዝኩም። ስልኬን አወጣሁና ኮፈኑን አስከፍቼ ሁለቱንም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በሚኒሞ፣ አንዳንድ ደቂቃ ቀዳኋቸው። ለሻጩ ቅዳሜ እመለሳለሁ ብዬው ወጣሁ።

ድምፆቹን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ፤ ቁጥርህን ካልቀየርክ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልጻፍኩበትም። ሁለተኛው ላይ ወደ መጨረሻው አካባቢ ቲክ ቲክ የሚል ነገር አለ፤ እሱን ደህና አድርገህ ስማልኝ። ዓርብ ማታ በእናንተ ሰዓት ሁለት ላይ እደውላለሁ። መጀመሪያ ስለ ጋሼ ነው የምናወራው።

ያንተው