መሪ ይዘሽ እልህ አትጋቢ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን በስልክ ከሆነ «እሺ አባዬ» ብለሽ ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ። ከጻፍኩልሽ ደግመሽ ታነቢዋለሽ ብዬ ነው።

ቅዳሜ ወደ ቤት ስታመጪኝ የሆነውን አስታውሺ። ጊዮርጊስን እንዳለፍን ያ ሚኒባስ ያለ ፍሬቻ ገባብሽ። ክላክስ አደረግሽ፤ ልክ ነሽ፣ ማስጠንቀቅ ነበረብሽ። ከዚያ ግን እጅሽን ከክላክሱ ላይ አላነሳሽም። ረጅም መብራት አበራሽበት። በቀኙ በኩል ነዳጅ ሰጥተሽ ጎኑ ደረስሽና መስታወት አወረድሽ። ረዳቱም አንገቱን አውጥቶ «መጀመሪያ መንዳት ተማሪ!» አለሽ።

በዚያች ቅጽበት በቀኝሽ አንድ ልጅ በብስክሌት እየሄደ ነበር። ከኋላው ቢጫ ጄሪካን አስሯል። ስትጠጊው ፔዳሉን ለቆ በአንድ እግሩ የመንገዱን ጠርዝ ረገጠ። ጄሪካኑ ወደ ጎን ተንጋደደ። እሱም እንደ ምንም ተረፈ። አንቺ አላየሽውም፤ ዓይንሽ ረዳቱ ላይ ነበር።

ስድቡን እኔም ረስቼዋለሁ። ያ ልጅ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰው ቱግ ሲል ልቡ ይመታል፣ እጁ ይጠነክራል፣ ዓይኑም ያናደደውን ብቻ ያያል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ለሁለት ሰከንድ ሰው ላይ ካፈጠጥሽ 28 ሜትር ያህል መንገድ ሳታዪ አለፍሽ ማለት ነው። በባሕር ዳር በዚያ ርቀት ውስጥ ምን ያህል ብስክሌትና እግረኛ እንደሚኖር ታውቂያለሽ።

ዕድሜዬን በጭነት መኪና ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ይህን ስሚኝ። ሾፌርን ከሁሉ በላይ የሚያናድደው ድንገት የሚመጣበት ነገር ነው። ቀድሞ ያየው ነገር ብዙም አያናድደውም። ባጃጅ ከፊትሽ ሲሄድ ባጃጁን ብቻ አትዪ፤ የመንገዱን ዳርም እዪ። ዳር ላይ ሰው እጁን ካነሳ ባጃጁ ይቆማል። ፍሬቻ አያሳይም፣ በመስታወት አያይም፤ ይቆማል። የባጃጁ ሾፌር ማታ ለባለቤቱ የሚያስረክበው ገቢ አለበት፤ አንድ ተሳፋሪ ካመለጠው ሌላው ይወስድበታል። ልክ ነው እያልኩሽ አይደለም። ግን የተነሳውን እጅ ካየሽ እግርሽ ቀድሞ ፍሬን ላይ ይሆናል። ሲቆምም አትደነግጪም። ያልደነገጠ ሰው ደግሞ ለመሳደብ አይቸኩልም።

ለዚህ ርቀት ያስፈልግሻል። ከፊትሽ ያለው መኪና አንዱን ዘንባባ ሲያልፍ ቁጠሪ። አንቺ እዚያው ዘንባባ ጋ ስትደርሺ ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ይሁን። ክረምት ሲገባ እጥፍ አድርጊው። «ክፍተት ከተውኩማ ሁሉም ይገባብኛል» ትይኛለሽ። ይግቡ! እግርሽን ላላ አድርጊና ክፍተቱን እንደገና ፍጠሪ።

ደግሞ ስለ መቅደም። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስፋቱን አይቶ እሽቅድምድም የሚያምረው ሰው በዝቷል። ድልድዩ 380 ሜትር ነው። በ60 ብትሻገሪው 23 ሰከንድ ገደማ ይፈጅብሻል፤ በ80 ቢሆን 17። ያተረፍሽው ስድስት ሰከንድ ነው፤ እሱንም ቀጥሎ ያለው አደባባይ ላይ ቆመሽ ትመልሺዋለሽ። የሚቸኩል ካለ ወደ ቀኝ ያዢለትና ይለፍ።

ሴት ሾፌር በመሆንሽ የሚደርስብሽን አውቃለሁ። አረንጓዴ ሳይበራ ክላክስ የሚያደርግብሽ አለ። ስታቆሚ ቆሞ የሚስቅ አለ። ይህ ያበሳጫል፤ ልጄ ላይ ሲሆን ደግሞ እኔን ያንገበግበኛል። ነገር ግን በአንድ እጅ አይጨበጨብም። መስታወትሽን ዝጊ፣ ወደ ሰውየው አትዪ፣ ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ ረዘም አድርገሽ አውጪ። ሁለት ሦስት ጊዜ ስታደርጊው ትከሻሽ ሲላላ ይታወቅሻል። የሚከታተልሽ ሰው ካለ ወደ ቤትሽ አትሂጂ፤ ከመኪናም አትውረጂ። ትራፊክ ፖሊስ ወይም ሰው የሚበዛበት ቦታ ሂጂ።

የከተማችን ሰው ደግሞ መታገስ አያቅተውም። በጥምቀት ታቦት ሲያልፍ ሁሉም ሞተሩን አጥፍቶ ይቆማል፤ የፈለገውን ያህል ቢረዝም ማንም ክላክስ አያደርግም። ያ ሁሉ ሰው በማግስቱ አደባባይ ላይ አሥር ሰከንድ መጠበቅ ሲያቅተው ያሳዝነኛል።

በክረምት ኩሬ ስታዪ ዝግ በይ። ነጠላዋን ለብሳ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ እናት ላይ ጭቃ መርጨት ከስድብ አይተናነስም። ዜብራ ላይ ቆመሽ ሰው ስታሳልፊ ሞተሩን አታስጩሂ፤ አዛውንቶች ይደናበራሉ። ሲያሳልፉሽ እጅሽን አንሺ። ያ ሚኒባስ ሾፌር ነገ ጎረቤትሽ ሰርግ ላይ አጠገብሽ ሊቀመጥ ይችላል፤ ከተማችን እንዲህ ናት።

ጠዋት ከቤት አሥር ደቂቃ ቀደም ብለሽ ውጪ። የምታረፍጅ ከሆነ ለአለቃሽ ከመነሳትሽ በፊት ደውዪ፤ እየነዳሽ ግን አይሆንም።

እሑድ ሀሙሲት አክስትሽ ጋ እንሂድ። አንቺ ትነጃለሽ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ብንነሳ መንገዱ ገና አይጨናነቅም። የኋላው ግራ ጎማ ነፋስ የቀነሰ ይመስለኛል፤ ቅዳሜ አስሞይው።

አባትሽ